ቆቃ ላይ፣ ሞያሌ ሳይደረስ

ከሞጆ በአሮጌው መንገድ ወጥተን ቆቃ ስንገባ ረፋዱ ሞቋል። ረቡዕ ነውና ዓሣ ቤቶቹ ደርተዋል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ አንድ ጥብስ በዳጣ አዘዝኩ።

የምሄደው ሞያሌ ነው፤ ኢትዮጵያና ኬንያ የሚገናኙበትን የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ለማየት። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መርቀውታል። ገንዘቡ ከአፍሪካ ልማት ባንክ የመጣ ነው። እዚሁ አጠገባችን የሚያልፈው የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድም እስከ መቂ ድረስ ያለው ክፍል የዚሁ ባንክ ብድር አለበት። መንገዱንም በሩንም ያሠራው አንድ ኪስ ነው።

የስደተኛው መንገድ ሞጆ ላይ ሁለት ይሆናል። አንዱ በአዳማ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጋላፊን ያሻግርና ጅቡቲ ያደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ሌላው በቆቃ፣ በሻሸመኔና በዲላ አልፎ ሞያሌ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ መጨረሻው ደቡብ አፍሪካ። በቆቃም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይታለፋል። ከሻሸመኔ ተነስቶ ሳዑዲን ያሰበ ሽቅብ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጆሃንስበርግን ያሰበ ቁልቁል።

ዓሣ የሚጠብሰው ልጅ ሠላሳ ቢሞላው ነው። ሞያሌ እንደምሄድ ስነግረው ጭልፋውን ይዞ ቆመ።

«እኔም ሄጄበታለሁ፣ ጋሼ። የተመለስኩት ግን ከታንዛኒያ ነው፤ ታስሬ፣ በአውሮፕላን።»

አዲሱን ጣቢያ አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሱማ ወረቀት ላለው ነው። እኛ መቼ በዚያ አለፍን? ሌሊት በእግር ዞርነው።»

የላከው ደላላስ? አብሮት ኳስ የተጫወተ የሰፈር ልጅ ነበር። አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው የመጀመሪያውን ገንዘብ የከፈሉት እዚሁ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። የቀረውን ደላላው መንገድ ላይ ያለውን ልጅ በስልክ እያስለቀሰ አስከፈላቸው።

የማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ይህን ስደት ለመግታት ስለወጣው ገንዘብና ሕግ ብዙ ነገር ጽፌ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ሮም ላይ የተጀመረው፣ የአውሮፓና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ስለ ስደት የሚመክሩበት የካርቱም ሂደት፤ በዓመቱ ቫሌታ ላይ የአውሮፓ ኅብረት 1.8 ቢሊዮን ዩሮ አስይዞ ያቋቋመው የአፍሪካ አስቸኳይ ፈንድ፤ ከዚያም ለአፍሪካ ቀንድ ስደት አስተዳደር የተመደበው 46 ሚሊዮን ዩሮ፣ በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂአይዜድ መሪነት። የመርማሪ ሥልጠና፣ የዐቃቤ ሕግ ሥልጠና፣ የድንበር ሠራተኛ ሥልጠና። በእኛ በኩል ደግሞ ሰው የሚነግድንና ድንበር የሚያሻግርን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012። ከንቱ ነው አልልም፤ አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። ያን ኮንቴይነር ቀድሞ የሚከፍት ፖሊስ ሥልጠናው ይገባዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ገንዘቡ የፈሰሰው ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ሲሆን ጉዞው የሚሸጠው ግን ሞያሌ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ በዚህ ገበያ ጀርባ ነው። እዚህ ኬላ የለም። ቢኖርስ ማንን ይይዛል? ጎረቤት ለጎረቤት ነው የሚሸጥለት።

የቆቃ ሐይቅ ከመስኮቱ ማዶ ያብረቀርቃል። እሱም የውጭ ገንዘብ ነው። ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ እ.ኤ.አ. በ1960 ቆቃ ግድብ ተሠራ፤ 43 ሜጋ ዋት መብራት ሰጠ፤ ውሃው ሲተኛ የጂሌ ኦሮሞዎች ከግጦሻቸው ተነሱ። የተነሱት ሰዎች የት እንደገቡ ልጁን ብጠይቀው፣ «አያቴ ከእነሱ ናት» አለና ዓሣውን ገለበጠው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

የአውቶቡሱ ረዳት «ሐዋሳ! ዲላ! ግቡ!» እያለ ይጮሃል። ሒሳብ ስከፍል ጓዳ ሳህን ሲያጥብ የቆየው ታናሽ ወንድሙ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሞያሌ ድረስ ትራንስፖርቱ ስንት ነው?»

ታላቁ መልሴን አልጠበቀም። ጄሪካኑን በእግሩ ገፋለትና፣ «ሂድ፣ ውሃ ቅዳ» አለው።