የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደው

ቤት ለውጠው ያውቃሉ? ትምህርትዎን ጨርሰው በመሥሪያ ቤት ሥራ የያዙ እንደ ሆነ፣ ወይም ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ተዛውረው ክፍል የተከራዩ እንደ ሆነ መቼም ይህ ነገር አልደረሰብኝም አይሉም። በሩን ከፍተው ሲገቡ ቤቱ ባዶ አይደለም። በግድግዳው ላይ የዓምናው የቀን መቍጠሪያ ተሰቅሏል፤ ከበሩ ጀርባ አንድ እግሩ የተሰበረ በርጩማ ቆሟል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ምን እንደሚከፍት የማይታወቅ ቁልፍ ተቀምጧል። የቤቱን ባለቤት፣ አሮጊቷን እመቤት ቢጠይቋቸው፣ «ይቀመጥ ልጄ፤ የሰው ዕቃ ነው፤ ይመለሱበት ይሆናል» ይሉዎታል። ሰዎቹ አይመለሱም። ቁልፉም ሳይጣል፣ ሥራም ላይ ሳይውል እዚያው ይከርማል።

እንግዲህ ያ ቤት አንድ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ቤተ መንግሥት ቢሆንስ? ዕቃውንም ትተው የሄዱት አንድ ተከራይ ሳይሆኑ አንዱ ወራሪ ጦር፣ አንዱ ንጉሠ ነገሥት ቢሆኑስ? ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከአራት ኪሎ ሽቅብ ይነሡ፤ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ወደ ኋላ ትተው ስድስት ኪሎ ይድረሱ። በአደባባዩ መካከል የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሟል። ከሐውልቱ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቀድሞ ግን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። ምናልባት እርስዎ እዚሁ ግቢ የሚማሩ ይሆናል፤ ወደ ክፍልና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሯሯጡም የምነግርዎን ነገር በየቀኑ ሳያዩት ያልፉ ይሆናል።

ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ያገኛሉ። እንግዳ ነገር ነው፤ ደረጃ ነው፣ ነገር ግን የሚያደርስበት ቤት የለም፤ ከላይ አየር ብቻ ነው። ያቆሙት ጣልያኖች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው ሳሉ ይህ ግቢ የእንደራሴያቸው መቀመጫ ነበረ። እያንዳንዱ እርከን በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1922 ጀምሮ፣ ማለት ሙሶሊኒ በሮማ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ፣ የአንዱ የፋሽስት አገዛዝ ዓመት ምልክት ነው። እርከኖቹ ስንት እንደ ሆኑ እኔ አልነግርዎትም፤ ቆመው ራስዎ ይቍጠሩ፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ።

በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት አስታደላለሁ ብሎ ሕዝቡን በሰበሰበበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቈሰለ እንጂ አልሞተም፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት ደግሞ በአደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ይመሰክራል።

ታዲያ በ1933 ዓ.ም. ባለቤቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህ ደረጃ በግቢው ቆሞ ቆየው። የሌላ ሰው ዕቃ፣ ያውም የጠላት ዕቃ! ምን ይደረግ? በዶማና በመዶሻ በአንድ ሳምንት አፍርሶ በካሚዮን ጭኖ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ቢደረግም የሚቈጣ አልነበረም። የተደረገው ግን ሌላ ነው። ደረጃው እንዳለ ቀረ፤ በመጨረሻው እርከን ጫፍ ላይ አንድ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንበሳው ትንሽ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት አይገንም። የተቀመጠበት ስፍራ ግን የሚቀጥለው ዓመት እርከን ሊጨመርበት የሚችልበት ስፍራ ነው። ስለ ወረራው ብዙ ገጽ አንብቤአለሁ፤ እንደዚች ትንሽ አንበሳ ነገሩን በአጭሩ የጨረሰልኝ የለም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ይህ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ባለቤቱን ያጣው በሌላ መንገድ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ነገሩ እንዳልሆነላቸው ባዩ ጊዜ በዚሁ ቤት በአረንጓዴው ሳሎን ይዘዋቸው የነበሩትን ሹማምንት ተኰሱባቸው፤ ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ ከሞቱት መካከል ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ በኋላ መኖሪያቸው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሆነ። ገነተ ልዑልንም ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ።

ቤቱን የተረከቡት ሰዎች ነገር ዐዋቂዎች ነበሩ። በፈረንጆች 1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ፤ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ያዙ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው መሶብ፣ ማረሻ፣ ክራርና በገና፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና መስቀል ነገሥታት በሚመላለሱበት ፎቅ ላይ ቦታ አገኘ። ዕቃዎቹ ዛሬ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ስለ እነርሱ ሌላ ቀን ብንጫወት ይሻላል፤ አሁን ወደ መኝታ ቤቶቹ ይለፉ።

የንጉሠ ነገሥቱ አልጋ አለ። መታጠቢያ ቤታቸው አለ፤ ጐብኚ ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚመለከተው እርሱን ነው፤ የንጉሥ ገንዳ ማየት ለምን እንደዚህ እንደሚጣፍጠን አላውቅም። የእቴጌ መነንም መኝታ ቤት አለ። እቴጌ ያረፉት በየካቲት 1954 ዓ.ም. ነው፤ ቤታቸው ትምህርት ቤት በሆነ ገና በሁለት ወሩ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ የዩኒቨርሲቲው ስም ተለወጠ፤ መንግሥትም ከዚያ ወዲህ ተለዋወጠ። አልጋው ግን ዛሬም አልተነጠፈበትም፣ አልተሸጠም፤ ለማንም ሹም ቤት ማሳመሪያ አልሆነም። በአገራችን የተሻረ ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚበተን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የልብስ መልበሻውን ክፍል ሳያዩ እንዳይወጡ። እዚያ አንድ መስተዋት አለ፤ በመስተዋቱም ላይ በታኅሣሡ ግርግር የተተኰሰ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ። የእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ መርካቶ ወርደን ሌላ ገዝተን እንተካው ነበር። አዲሱ ባለቤት፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አልተካውም። ባለሟሎች ንጉሡን ካባ ሲያለብሱ ያሳይ የነበረው መስተዋት አሁን የሚያሳየው ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ከቢሮ ፈቃድ ተቀብሎ የመጣ ጸሐፊ፣ ልጇን በእጇ የያዘች እናት ነው። እርስዎም ፊት ለፊት ይቁሙና ትንሽ ወደ ጐን ይበሉ፤ አለዚያ ቀዳዳው ደረትዎ ላይ ያርፋል።