ከምናለሽ ተራ ያገኘሁት ምክር

ዕቃ ሲያረጅ አንዱ ሰው ይጥለዋል፥ ሌላው ይሸሽገዋል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ያወቅሁት በቅርቡ ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም መስሎ ታይቶኝ ያየሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

እናቴ ትታልኝ ያለፈች አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ በቤቴ አለች። እናቴ በሕይወቷ ሳለች እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታስታጥበው በርሷ ነበር። ከብዙ ዘመን መታጠብና መፈተግ የተነሣ ግን ፊቷ ሁሉ ተጫጭሮ፥ ወዟ ጠፍቶ፥ ለዓይን የማታምር ሆነች። ባለቤቴም በቅንነት «እንግዳ ፊት ማቅረቡ ያሳፍራልና ለቆራሌው እንስጣት» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ልቤ እንቢ አለኝ። ቀለም ገዝቼ ብቀባትም ቀለሙ ሳምንት ሳይሞላው እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማንቆርቆሪያይቱን በከረጢት ይዤ ከልደታ ወደ መርካቶ በእግሬ ሄድሁ።

መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተቋቋመው በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ነው። ወራሪው ነጩን ከአገሬው ሰው ለመለየት ባሰበው አሳብ፥ በአራዳ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ወራሪው ሲባረር ገበያው ቀረ፥ እጅግም ሰፋ። ሻጮቹም እንደየዕቃቸው በየተራቸው ይቀመጣሉ፤ ሸማ ተራ፥ በርበሬ ተራ፥ ሚስማር ተራ እያለ ይቀጥላል። እኔ የፈለግሁት ግን ምናለሽ ተራን ነበር፤ ስሙ ራሱ «ምን አለሽ» የሚል ጥያቄ ነው።

ወደዚያ ስፍራ የሚደርስ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው የመዶሻ ድምፅ ነው። በአንዱ ወገን በርሜል ይሰነጠቃል፥ በሌላው ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ሌላው ሰው የጣለው በርሜል ምድጃ ሆኖ፥ የመኪናው ጎማ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ባዶው የዘይት ጀሪካንም ታጥቦ ለውኃ መቅጃ ይሸጣል። እኔም በሥራዬ የወረቀት ሰው ነኝና፥ ከዚያ ሁሉ እጀ ብርቱ መካከል ስቆም ለስላሳው እጄ አሳፈረኝ።

የተሰበረ የጀሪካን እጀታ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ማንቆርቆሪያይቱን አሳየኋቸው። በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው ካዩ በኋላ «ጌታዬ፥ ይህ ዕቃ ቀለም አይጠጣም፤ ፊቱ እንደ ቅባት ነው። ጭረቱን አይሸሽጉት፤ ይልቅስ ሥርዓት ያስይዙት» አሉኝ። ከዚህም በኋላ ከተቀደደ ጀሪካን አንድ ቁራጭ ቆርጠው «አስቀድመው በዚህ ይማሩ» ብለው ሰጡኝ። ዋጋውን ብጠይቃቸው «ይህማ ለትምህርት ነው፥ አይሸጥም» አሉ።

የሽማግሌው ቃል ትክክል ነው። ጀሪካንና ይህን የመሰለው የቤት ዕቃ በብዛት የሚሠራበት ፖሊኤትሊን የሚባለው ፕላስቲክ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 በእንግሊዝ አገር በኖርዝዊች ከተማ የተገኘ ነው። ፊቱ ቀለምን አጥብቆ አይዝም። ወደ ቤቴ ስመለስ በሕፃንነቴ ፊደል ያስቈጠሩኝ የኔታ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው የፍየሉን ቆዳ ዘፍዝፈው፥ በእንጨት ወጥረው፥ በብረት ፍቀው፥ በሸካራ ድንጋይ አሽተው ብራና ያደርጉት ነበር፤ መስመሩንም በወስፌ ጫፍ ይጭሩት ነበር። ያልተፋቀ ቆዳ ቀለም አይቀበልም ይሉን ነበር። እነሆ የሽማግሌውና የየኔታ ትምህርት አንድ ሆኖ አገኘሁት።

በማግስቱ ከልጄ ጋራ በግቢያችን ተቀምጠን ሥራ ጀመርን። አናጢዎች የብርጭቆ ወረቀት የሚሉትን ሸካራ ወረቀት ገዝቼ ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ስንማር፥ በጀርባው የተጻፈው ቁጥር ሲያንስ ሸካራነቱ እንዲበዛ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ከመቸኰሌ የተነሣ 80 ቁጥሩን አንሥቼ ያንን ቁራጭ በደረቁ በኃይል ፈተግሁት። ፕላስቲኩም በሙቀት ለስልሶ ክር ክር እያለ ተነሣ፤ ውሻ ያኘከው መሰለ። ልጄ ሳቀች። ማንቆርቆሪያይቱ አለመሆኗን አመሰገንሁ።

ከዚያ ወዲያ በሥርዓት ሠራን። ሥርዓቱም ይህ ነው። ዕቃው በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ ይደርቃል። ሙጫ ካለው ፕላስተር ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ተቈርጦ በላዩ ይለጠፋል። ቀጥሎ 220 ቁጥሩን፥ በመጨረሻም 400 ቁጥሩን ወረቀት ውኃ እየነከሩ፥ ሳይጫኑ፥ ወደ አንድ አቅጣጫ ማሸት ነው። ፕላስተሩ ሲነሣ ያልታሸው ቅጠል እያበራ፥ ዙሪያው እንደ ጉም ደብዝዞ ይታያል። በአንገቷ ዙሪያ ደግሞ በመጽሐፍ ራስጌ እንደሚሣለው ያለ ሐረግ በእርሳስ ነድፈን በወስፌ ጫርነው፤ ጥቁር የዘይት ቀለም በጨርቅ አሽተን ወዲያው ስንጠርገው፥ በጭረቱ ውስጥ የገባው ብቻ ቀረ። በጊዜ ብዛት ቢደበዝዝ እንደ ገና ማሸት ይቻላል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ምግብና መጠጥ የሚነካውን ውስጡንና ከንፈሩን አይፋቁ፤ ብናኙ እንዳይተነፈስ በእርጥቡ በደጅ ይሥሩ፤ የወረደውንም ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስበው ከቆሻሻ ጋራ ያስወግዱ እንጂ ከውኃ ጋራ አይድፉት።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የባለቤቴ አጎት ሊጠይቁን መጡ። በጉልበቴ ላይ ያለውን ብናኝ አይተው «እንግዲህ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ፋቂ ሆነልን?» አሉኝ። ለጨዋታ ያሉት ቢሆንም ቃሉ ወጋኝ፤ በዚህ ስም ስንት የእጅ ባለሙያ እንደ ተናቀ አውቃለሁና። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲሆነው ስድቡ ግን ከአፋችን ገና አልወጣም።

እኔም «አባቴ፥ ከአባትዎ የወረሱት ዳዊት በምን ላይ ተጽፏል?» አልኋቸው።

«በብራና ነዋ» አሉኝ።

«ብራናውንስ ማን ፋቀው?»

ጥቂት ዝም አሉ። ልጄ ማንቆርቆሪያይቱን አንሥታ ውኃ ይዛ ቀረበች፤ እርሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። እየታጠቡ ሳለ ሐረጉን ትኩር ብለው አይተው «እናትህ ብታየው ደስ ባላት» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ የተጫረ ዕቃ ቢኖር ለመጣል አይቸኵሉ። ወደ ምናለሽ ተራ የሄዱ እንደ ሆነም፥ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሠሪውን እጅ ደግሞ በአክብሮት ይመልከቱ።