ፓኔሉን አትቸንክሩት

ሐምሌ ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ አልዘጋ የሚሉ በሮች ይበዛሉ። በጥር ያለ ድምፅ ይዘጋ የነበረው የሳሎን በር መቃኑን ይነክሳል፤ በትከሻ ካልተገፋም አይከፈትም። አናጺ ይጠራል። አናጺውም መላጊያውን አውጥቶ ጠርዙን ይልገውና ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ኅዳር ላይ ግን ያው በር ከመቃኑ ርቆ ብርድ ያስገባል። የተላገው እንጨት ተመልሶ አይመጣም። በክረምት የነከሰ በር ፈጽሞ አልዘጋ እስካላለ ድረስ በጋው እስኪገባ ቢታገሡት ይሻላል።

እንጨት ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መሳብና ለአየሩ እርጥበት መስጠት አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 በመቶ በሆነበት ክፍል የሰነበተ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። አየሩ 80 በመቶ ደርሶ ከቆየ መጠኑ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ውሃው ሲጨምር እንጨቱ ያብጣል፣ ሲቀንስ ይጠባል።

ችግሩ ይህ ለውጥ በየአቅጣጫው እኩል አለመሆኑ ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በር በክረምትና በበጋ መካከል በቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይለወጥም። በወርዱ ግን ሌላ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 5 በመቶ እርጥበት ሲያጣ እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። በተጨማሪም እንጨት የግንዱን ቀለበት ተከትሎ የሚጠበው፣ ከመሀል ወደ ልጣጭ ከሚጠበው በግምት እጥፍ ነው። ከግንዱ ዳር በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ጣውላ ሲደርቅ ጠርዞቹ ወደ ልጣጩ ወገን ተነሥተው የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣውላዎችን ጎን ለጎን በኮላ አጣብቆ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ በር የሚሠራ ሰው ታዲያ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከሚሄድና ከሚመለስ ነገር ጋር ተያይዟል።

መፍትሔው ጥንታዊ ነው፤ በሩን በፍሬምና በፓኔል መክፈል። በሮም የቅድስት ሳቢና ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የሳይፕረስ እንጨት በር በ430 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ ነው። መጀመሪያ 28 የተቀረጹ ፓኔሎች ነበሩት፤ 18ቱ ከ1,500 ዓመታት በኋላም በሩ ላይ አሉ። ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ዘመን የነበሩ የካይሮ እንጨት ሠሪዎች ደግሞ ይህንኑ ብልሃት አርቅቀው፣ የመስጊድ ሚንበሮችን (የስብከት መድረኮችን) በቦይና በምላስ ከሚያያዙ ትናንሽ ባለብዙ ማዕዘን ቁርጥራጮች ገጣጠሙ። እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ስለሆነ የሚለወጠውም ትንሽ ነው። በማምሉኩ ሱልጣን በቃይትባይ ዘመን የተሠራ አንድ እንዲህ ያለ ሚንበር ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

አሠራሩ ለሰፈር ወርክሾፕም አይከብድም። ሁለቱ ቋሚዎችና አግዳሚዎቹ በወንዴና ሴቴ ተገጣጥመው በኮላ ይያያዛሉ። የበሩን ስፋት የሚወስኑት በአብዛኛው እነሱ ናቸው፤ የቋሚዎቹ ወርድ ጠባብ ስለሆነም ለውጡ ጥቂት ነው። በውስጠኛ ጠርዛቸው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ይወጣል፤ ፓኔሉም ያለ ኮላና ያለ ምስማር እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። በጎንና በጎኑ የሚተውለት ባዶ ቦታ በወቅቱ ይወሰናል። በበጋ የሚሠራ ፓኔል በክረምት ስለሚሰፋ በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በክረምት የሚሠራው ገና ስለሚጠብ ቦዩን ጠለቅ ብሎ መያዝ አለበት። ፓኔሉ ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሽ ካስፈራ፣ በላይኛውና በታችኛው አግዳሚ ልክ መሀሉ ላይ አንዳንድ ሚስማር ይበቃል። ግራና ቀኙ ነፃ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ በሮች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ለጥንካሬ ብሎ የፓኔሉን ዙሪያ ኮላ ይቀባዋል ወይም ይቸነክረዋል። ሲጠብ የሚሄድበት ያጣ ፓኔል መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሲሰፋ ደግሞ የፍሬሙን መገጣጠሚያ ያላቅቃል። ከመገጣጠሚያው ተርፎ የሚፈስ ኮላም ሳይታወቅ ያንኑ ጥፋት ያደርሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪዎች የፓኔሉን ማዕዘኖች በሻማ ያሻሉ፤ ሰም ባለበት ኮላ አይዝም። ቨርኒሹንም ከመገጣጠሙ በፊት ይቀቡታል። አለዚያ ፓኔሉ በበጋ ሲጠብ ከቦዩ ውስጥ ያልተቀባ ነጭ መስመር ብቅ ይላል።

የቀለሙ ነገር ከመልክ ያለፈ ሥራ አለው። የፊቱ ገጽ ብቻ ተቀብቶ ጀርባው የተተወ በር ከሁለቱ ወገን እኩል እርጥበት አይለዋወጥም፤ መጠምዘዙም አይቀርም። ከሁሉ የሚረሱት የላይና የታች ጫፎቹ ናቸው። እንጨት ውሃን ከሌላው ገጹ በበለጠ ፍጥነት የሚስበው በተቆረጠ ጫፉ በኩል ነው፤ የቋሚዎቹ የተቆረጡ ጫፎች ያሉትም እዚያ ነው። በሩ ማጠፊያ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ስድስቱም ገጾቹ መቀባት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እርጥብ እንጨት ላይ ከዋለ ግን ከንቱ ነው። ጣውላን በአየር ለማድረቅ የቆየው ግምት በየሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ ይኸውም ጣውላው በመካከሉ ሊስቴሎ (ቀጭን እንጨት) እየገባ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ተደርድሮ ነው። ዛሬ ተገዝቶ በሳምንቱ በር የሚሆን ጣውላ መድረቁን የሚጨርሰው ደንበኛው ቤት ነው። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሠሪም ቢሆን መንገድ አለው፤ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ ይመዝናል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከወርክሾፑ አየር ጋር ተስተካክሏል።

የእንጨቱም ዓይነት ይለያያል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲደርቅ ግን በብዛት ይጠባል፣ ይጠመዘዛል። ዋንዛ ለመላግ የተመቸና የተረጋጋ ስለሆነ በር ሠሪ ይመርጠዋል። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው ዛፎቹ እየተመናመኑ ስለነበረ ነው። ጣውላ የሚወጣው ዋንዛ ለመድረስ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። ይህን ያህል ዕድሜ የተከፈለበትን እንጨት በችኮላ ማጣመም ያሳዝናል።

ጥፋቱም የአናጺው ብቻ አይደለም። ደንበኛው በአሥር ቀን አድርስልኝ እያለ ዋጋ ሲከራከር፣ ሠሪው ገንዘቡን ጣውላ ላይ አሥሮ ዓመት የሚጠብቅበት አቅም የለውም። በር የሚያሠራ ሰው ቤቱ ገና መሠረት ላይ እያለ እንጨቱን ገዝቶ ቢያስደረድር፣ ለቆይታውም ቢከፍል፣ ግድግዳውና ጣሪያው እስኪያልቅ ጣውላው ይደርቅለታል።