በበረዶ አገር የተቆጠረ ቆሎ

ባለፈው ጥር፣ ልጆች የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ጨርሰው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የዘጠኝ ዓመቷን ሴት ልጄንና የስድስት ዓመት ወንድሟን ይዤ ጃፓን ሄጄ ነበር። መቼም «ይህች ጋዜጠኛ ከየት አምጥታ ነው?» የምትል አንባቢ አትጠፋም። ባለቤቴ ለሁለት ዓመት ትምህርት ናጋኖ በሚባል ከተማ ይገኛል፤ የመጓጓዣው ገንዘብ ደግሞ የሦስት ዓመት ዕቁቤ ነው። አራተኛዋ ተጓዥ የአክስቴ ልጅ ነበረች።

የአክስቴ ልጅ ትልቋ ልጄ በተወለደች ጊዜ ከገጠር መጥታ እኛው ዘንድ የቀረች ናት። እኔ ከዜና ወደ ዜና ስሮጥ ልጆቼን ያዘለች፣ ያጎረሰች፣ ያስተኛች እርሷ ናት። ሰው ሲጠይቀኝ «እኅቴ ናት» እላለሁ። እርሷም «እትዬ» ትለኛለች። ቃሉ ታላቅ እኅትም የቤት እመቤትም የሚጠሩበት በመሆኑ፣ ለእርሷ የትኛዋ እንደሆንኩ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለጉዞው ስወስዳትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጌ ነው።

የቪዛውን ማመልከቻ ስሞላላት «ሥራ» ከሚለው ቦታ ስደርስ እጄ ቆመ። የቤት ሠራተኛ እንዳልል ደመወዝ የላትም። ተማሪ እንዳልል አትማርም። ጥቂት ካሰብኩ በኋላ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ሻይ ለምታፈላና የልጆች ምሳ ለምትቋጥር ሰው «ሥራ፦ የለም»። የትውልድ ቀኗን ከፓስፖርቷ ላይ ገለበጥኩ፤ ቀኑ ስለማይታወቅ መስከረም 1 ይላል። ዓመቱንም ቢሆን ወረቀቷን ስናወጣ በግምት የተናገርኩት እኔ ነኝ። በእኔ ግምት ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

በሴኡል በኩል ናሪታ ደርሰን፣ ከቶኪዮ ሺንካንሰን በሚሉት ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዝን። ናጋኖ እ.ኤ.አ. በ1998 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት፣ ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። እኛ በጋ በምንለው ጥር ወር እዚያ ብርዱ ይጠናል። ወንዱ ልጄ ከባቡር ጣቢያው እንደወጣን በረዶ አፍሶ ቀመሰና «ጨው አይደለም» ሲል አስታወቀን።

የባለቤቴ ቤት ሁለት ጠባብ ክፍል ናት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ አውልቀው እንዲያው አይጥሉትም፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙረው ይደረድሩታል። ክፍሉን የሚያሞቀው የላምባ ምድጃ ነው። በባቡር ፍጥነት የሚታወቅ አገር ሕዝብ ብርዱን በላምባ ሲከላከል ማየት ገርሞኛል፤ ሽታው የልጅነቴን ኩሽና አስታወሰኝ። ከሁሉ የወደድኩት ግን ኮታሱ የሚባለውን ነው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ነው፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው፣ ከላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ይለብሳል፤ ቤተሰቡ ወለል ላይ ተቀምጦ እግሩን ከብርድ ልብሱ ሥር ይከታል። አንድ ችግር አለው፦ አንዴ እግሩን ያስገባ ሰው መነሣት አይወድም። ሻዩን የሚያመጣ ሌላ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ጠረጴዛው አራት ጎን አለው፤ እኛ አምስት ነን። የአክስቴ ልጅ በማብሰያው በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ጋቢዋን ደርባ ትቀመጥ ነበር። ማንም እዚያ ሁኚ አላላትም። ማንም ወዲህ ነይ ያላትም የለም።

በአምስተኛው ቀን ጅጎኩዳኒ የሚሉትን ሸለቆ ለማየት ሄድን። ስሙ «የገሃነም ሸለቆ» ማለት ነው፤ ከምድር የሚፈልቀው ፍል ውሃ እንፋሎቱ ስለሚጨስ ነው። እዚያ ዝንጀሮዎች በበረዶ መካከል ፍል ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዝናናሉ፤ የእኛን ፍልውሃ የሚያዘወትሩ አዛውንቶች አስመሰሏቸው። ከመኪና ከተወረደ በኋላ በደን መካከል 1.6 ኪሎ ሜትር በእግር ይኬዳል። ወንዱ ልጄ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ተቀመጠ። እኔ ፎቶግራፍ ላነሣ ቀድሜ ነበር። ዞር ስል የአክስቴ ልጅ ይህን የሚያህል ልጅ በጋቢ አዝላው፣ በሚያንሸራትተው በረዶ ላይ በተውሶ ጫማ ቀስ እያለች ትመጣለች። ፎቶግራፉን አነሣሁት። ዛሬ ሳየው ካሜራውን አስቀምጬ ልጁን መቀበል እንደነበረብኝ ይታየኛል።

ከጉዞው የቀሩን ቀናት ጥቂት ሲሆኑ ሴፁቡን የሚሉት በዓል ደረሰ። በጥንቱ አቆጣጠራቸው ክረምቱ አልቆ ጸደይ ሊገባ ሲል ባለው ዋዜማ፣ እንደ አውሮፓውያን በየካቲት መጀመሪያ ይውላል። የተቆላ አኩሪ አተር እየበተኑ ክፉውን መንፈስ ከቤት ያስወጣሉ፣ መልካሙን ይጋብዛሉ። በየቤቱ ብዙውን ጊዜ አባትየው የሰይጣን ጭምብል ያጠልቅና ልጆቹ ይወግሩታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ፍሬ ቆጥሮ ይበላል።

አኩሪ አተሩን ያመጡልን ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት ናቸው። በሩን ስንከፍት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው የአክስቴን ልጅ ቀሚስ ይዘው ከኋላዋ ተሸጎጡ። አሮጊቷ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ለእርሷ ሰጧትና አንድ ነገር ተናገሩ። ባለቤቴ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ልጆችሽ ያምራሉ ነው የሚሏት» አለኝ። እርሷ በድንጋጤ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። እኔ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የአክስቴ ልጅ አንድ ፍሬ ቀምሳ «ቆሎ ነው እኮ!» አለች። ባለቤቴ የወረቀት ጭምብሉን አጥልቆ አጓራ፤ ልጆቹም እስኪደክማቸው ወገሩት። ከዚያ ቆጠራው ተጀመረ። ቆጣሪዋ ሴት ልጄ ነበረች፦ ለወንድሟ ስድስት፣ ለራሷ ዘጠኝ፣ ለእኔ ሠላሳ ስድስት፣ ለአባቷ አርባ አንድ። ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞራ «ያንቺስ?» አለች።

«እትዬ፣ ስንት ነኝ?» አለች የአክስቴ ልጅ።

«ሃያ አራት» አልኳት።

«እርሱማ የወረቀቱ ነው። እናቴ አዝመራውን በረዶ በመታው ዓመት ነው የተወለድሽው ትለኝ ነበር።»

በጃፓን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በእኛ አገር ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ስልክ አንሥቼ አክስቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ባል መጣላት እንዴ?» አለችኝ አክስቴ። ነገሩን ሳስረዳት ሳቀች። «ስንዴውን በረዶ የመታው ጊዜ ነዋ! አንቺ የስምንተኛን ፈተና ያለፍሽ ዓመት። እናትሽ ደግሳ ጠርታኝ ሆዴ ገፍቶ መምጣት አቃተኝ፤ ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። ድግሱ የእኔ ነበር፤ አዲስ ጫማም ተገዝቶልኛል። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው ማለት ነው። ስሌቱ በዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ልጄን ልታዝል እኔ ቤት በመጣች ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ጎረምሳ ናት እያልኩ ለራሴ ስናገር ኖሬአለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያቺ ፍሬ የምትቆጥረው ልጄ ከሦስት ዓመት በኋላ የምትደርስበት ዕድሜ ነው። አምስተኛ ክፍልን ለመጨረስ አራት ወር ቀርቷት ነበር፤ ይህንንም ያወቅሁት በዚያው ምሽት ነው።

ልጄ ከተቆጠረው ሃያ አራት ፍሬ ሦስቱን አንሥታ ለወንድሟ ሰጠችው፤ እርሱም በላቸው። ባለቤቴ ተነሥቶ ሻይ ጣደ። እኔ ከኮታሱ ጠጋ ብዬ ከጎኔ ቦታ አበጀሁላት። ወዲያው አልመጣችም፤ ሁለተኛ ስጠራት መጣች፤ እግሯን ስታስገባም «ይሞቃል ለካ» አለች። አሥር ቀን ሙሉ እዚያ ቤት ነበርን።

ከመስከረም ጀምሮ በሰፈራችን የማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ትማራለች፤ አምስተኛውን በፈተና አልፋለች። ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ እኔ ከሥራ መድረስ ስላለብኝ፣ ከአለቃዬ ጋር ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቄአለሁ። ደመወዝ የሚባለውንም አንሥተን ተነጋግረናል፤ እርሷ ታፍራለች፣ እኔም መጠኑን ለመናገር አፍራለሁ፤ ነገሩ ገና አላለቀም። ትናንት ማታ ወጡ አረረብኝ። ልጆቹ ምንም ሳይሉ በሉ፤ እርሷ ግን በሦስት ሰዓት ከትምህርት ስትመለስ ገና ከበሩ ሽታው ነገራትና ጫማዋን እያወለቀች ሳቀችብኝ።