ከመዝሙሩ የወጣው ጊታር



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው አራት ሆነን ነው። አልበሙን ስንጀምር ግን አምስት ነበርን። ብዙዎቻችሁ አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ስለጠየቃችሁን፣ የተማርነውንም የበደልነውንም ሳንሸሽግ ልንነግራችሁ ወደድን።

የተገናኘነው በአጥቢያችን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ነው። ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ መሪ ድምፅና ሊድ ጊታር ሆነን ለአራት ዓመት አብረን አገለገልን። ከዚያ የራሳችንን መዝሙሮች በአልበም ለማውጣት ጸለይን። ስፖንሰር አልነበረንም፤ ለአቀናባሪ የሚከፈለውም ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ በመካከላችን እቁብ ጣልን። እጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ኪሱ አይከትም፤ ለአልበሙ የሚያስፈልግ አንድ ዕቃ ይገዛበታል። መጀመሪያ ማይክራፎን፣ ቀጥሎ ሳውንድ ካርድ፣ ከዚያ ሁለት ጥሩ የጆሮ ማዳመጫዎች ገዛን። ስቱዲዮአችን ደግሞ የቤዝ ተጫዋቻችን እናት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ነበረች። ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽና በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሳንጋብዘው ሁለተኛ ድራም ይሆንብን ነበር። ድምፅ የምንቀዳው ዝናብ ሲያባራ፣ መብራትም ሲኖር ነው። ሁለቱ በአንድ ምሽት ሲገጥሙልን እልል እንል ነበር።

አንድ መዝሙር እንዲህ ነው የሚወለደው። ከመካከላችን አንዱ በታክሲ ወይም በጓዳ የመጣለትን ዜማ በስልኩ ያንጎራጉርና ይልክልናል። ቅዳሜ ስንገናኝ ቅኝቱን እንለያለን፤ ትዝታ ነው ወይስ ባቲ፣ ለእህታችን ድምፅ ይመቻል ወይስ ዝቅ ይበል እንባባላለን። ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እናስተያያለን። ከዚያ ድራምና ቤዝ ይቀዳሉ፤ በእነርሱ ላይ ኪቦርድና ጊታር ይጨመራሉ፤ መሪ ድምፅ ይገባል፤ ተቀባይ መጨረሻ ነው። ሁሉም ለየብቻው ስለሚቀዳ፣ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም መድገም የለበትም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አደጋም አለው፤ የአንዱን ድምፅ፣ እርሱ በሌለበት፣ በአንድ ጣት ማጥፋት ይቻላል።

ሊድ ጊታር የሚጫወተው ወንድማችን ከዜማዎቹ ግማሹን ያመጣ ነው። በሥራው መካከል አባቱ አረፉ። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሰርቪስ ቤቷ መጥቶ ለስድስተኛው መዝሙር የጊታሩን ክፍል ቀዳ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተው፤ ገመዱን ጠቅልሎ ሳይናገር ሄደ። እኛም ዝም አልን። ሐዘንተኛ ነውና ምን እንደምንለው አላወቅንም።

ከሁለት ወር በኋላ ሚክሲንግ ላይ ደረስን። ይህን ሥራ ለማያውቀው ስናስረዳ፣ ሁሉም የተቀዳው ድምፅ ተሰብስቦ የትኛው ወደ ፊት ይምጣ፣ የትኛው ወደ ኋላ ይበል፣ የትኛውስ ጨርሶ ይውጣ የሚባልበት ደረጃ ነው። በስድስተኛው መዝሙር ላይ ጊታሩና የእህታችን ድምፅ ተጋፉብን። ሁለቱም መካከለኛውን የድምፅ ስፍራ ነው የሚይዙት፤ አንዱ ሲጎላ ሌላው ይሸፈናል፤ ቃሉ አይሰማም። ጊታሩን ስናጠፋው መዝሙሩ ተነፈሰ። ወንድማችን ያን ሳምንት ለሥራ ሐዋሳ ነበር። አራታችን ተያየን፤ «ለመዝሙሩ ሲባል ነው» ተባባልን፤ አወጣነው። ስልኩ እጃችን ላይ ነበር፤ ግን አልደወልንለትም።

ሲመለስ አሰማነው። እስከ መጨረሻው በጽሞና አዳመጠ። የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረና «እሺ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አምስት ቅዳሜ አልመጣም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ «ይመለሳል» አልን። በሁለተኛው «ደካማ ሆኖ ነው» አልን። በሦስተኛው «ለአገልግሎት የማይገዛ ሰው» የሚል ቃል ከአፋችን ወጣ። ወገኖች ሆይ፣ ሰው የበደለውን ወንድም ራሱ ሲከስሰው እንዴት ፈጣን ነው! በአራተኛው ሳምንት ደግሞ እርስ በርሳችን መጨቃጨቅ ጀመርን። የቤዝ ተጫዋቻችን እናት የእኛ አጥቢያ አባል አይደሉም፤ ቡና እያፈሉ ከበረንዳ ይሰሙን ነበር። አንድ ቀን ስኒውን ሲያቀርቡልን «ልጆቼ፣ ስትዘምሩ ደስ ትላላችሁ። ያ ጊታር የሚመታው ልጅ ግን ወዴት ሄደ? ደህና አይደለም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። አራት የመዝሙር አገልጋዮች ተቀምጠን፣ የወንድማችንን ደህንነት የጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

በዚያው ሰሞን ከመካከላችን አንዱ ስለ አልበም አሠራር ለመማር አንድ ፊልም አየና ለሁላችን አሳየን። ስለ ዓለማዊ ባንድ ለምን ታነሳላችሁ የሚለን ወንድም ቢኖር፣ እንዝፈን ለማለት እንዳልሆነ ይረዳልን። ፊልሙ ሳም ጆንስ በጥቁርና ነጭ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው። ዊልኮ የሚባለው የቺካጎ ሮክ ባንድ «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የተባለውን አልበሙን ሲሠራ ያሳያል። እነርሱም በራሳቸው ቦታ ነበር የሚቀዱት። አንዱን ዘፈን በብዙ መልክ ይሠሩታል፤ ያፈርሱታል፤ እንደገና ይገጥሙታል። ድምፅ በድምፅ ላይ ደራረቡ፤ በኋላ ጂም ኦሩርክ የሚባል ሙዚቀኛ ሚክሲንጉን ሲሠራ ከተደራረበው ብዙውን አነሳ። እኛም ይህን አይተን «ይኸው! መቀነስ ትክክል ነው» ብለን ደስ አለን።

ደስታችን ግን አልቆየም። የባንዱ መሪ ጄፍ ትዊዲና ብዙ መሣሪያ የሚጫወተው፣ ዘፈኖቹንም አብሮት የሚጽፈው ጄይ ቤኔት ካሜራው ፊት ይጨቃጨቃሉ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ዘፈን ወደ ቀጣዩ ድምፁ እንዴት ይሻገር የሚል። አንዱ ያስረዳል፣ ሌላው አልገባህም ይላል፤ ይደጋገማሉ። ክፍሉ የእኛን ሰርቪስ ቤት መሰለን። አልበሙ ባለቀበት በ2001 ቤኔት ከባንዱ እንዲወጣ ተደረገ። የቀረጻ ድርጅታቸው ሪፕራይዝም አልበሙን አልቀበልም አለ። ባንዱ ሥራውን ይዞ ወጣና በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሰው ሁሉ በነጻ እንዲሰማው በድረ ገጹ ለቀቀው። በሚያዝያ 2002 ነንሰች የሚባል ድርጅት አሳተመው። የሚያስገርመው፣ የጣለውም ያነሳውም በአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥር ያሉ ነበሩ። አልበሙም እስከ ዛሬ በሙያው ሰዎች ዘንድ ይመሰገናል።

ያቆሰለን ግን ከፊልሙ በኋላ ያነበብነው ነው። ቤኔት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 በ45 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ወር በቀድሞ ባልደረባው ላይ ክስ አቅርቦ ነበር። ከመካከላቸው ማን ልክ እንደነበር እኛ ዳኞች አይደለንም። ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ተሳክቶ፣ ሰው እንደ ተለያየ ሊቀር ይችላል።

በሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እንደተለያዩ ሉቃስ አይሸሽግም። ክርክራቸው የበረታ ነበር፤ አንዱ ወደ ቆጵሮስ፣ ሌላው ወደ ሶርያ ሄደ። ወንጌል በሁለቱም መንገድ ተሰበከ። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚያ አያልቅም። ጳውሎስ በእስር ቤት፣ በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ሆኖ፣ ያንኑ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ይጠቅመኛልና ሲል ለጢሞቴዎስ ይጽፋል (2 ጢሞ. 4፥11)። ጳውሎስ ሰውን የሚያስጠራበት ጊዜ አገኘ። ያንን ጊዜ ሁሉም ሰው አያገኝም። ይህን ባሰብን ጊዜ ፍርሃት ያዘን።

ለአልበሙ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ልንይዝ ነበር። በዋዜማው በቤት ጥናታችን የደረስንበት ክፍል ማቴዎስ 5 ነበር። ጌታ መባህን በመሠዊያው ስታቀርብ ወንድምህ ባንተ ላይ ነገር እንዳለው ብታስብ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል (ቁ. 23-24)። የኪቦርድ ተጫዋቿ እህታችን መጽሐፍ ቅዱሷን ዘጋችና «መባችን ይኸው አልበም ነው» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ልብ በሉ፤ ጌታ አንተ በወንድምህ ላይ ነገር ቢኖርህ አላለም። ወንድምህ ባንተ ላይ ቢኖረው ነው ያለው። ጥፋቱ የማን ነው ብለን ስንመዝን የቆየንበትን ሚዛን ያ ቃል ከእጃችን ወሰደው። ኮምፒውተሩን ዘጋን። በማግስቱ አራታችንም ወንድማችን ቤት ሄድን።

እናቱ በጥቁር ልብሳቸው ተቀበሉን። እርሱ መጥቶ ተቀመጠ። «በድለንሃል። ሳንጠይቅህ አወጣነው። ይቅር በለን» አልነው። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ጊታሩ መውጣቱ አይደለም» አለ። «ያን ቀን ስጫወት አባባን እያሰብኩ ነበር። ማልቀስ አቅቶኝ ነበር፤ እሱ ነው ያለቀሰልኝ። ይበዛል፣ አውቃለሁ። ጠይቃችሁኝ ቢሆን እኔው አወጣው ነበር። እናንተ ግን የጊታሩን ድምፅ እንጂ እኔን አልሰማችሁኝም።»

ስለ ድምፅ ሁለት ዓመት ሙሉ ስናጠና ከርመን፣ አብሮን የሚቀመጠውን ሰው ሳንሰማ ቀረን። አለቀስን፤ አብረን ጸለይን። «ይቅር ብያለሁ» አለን። ስለ መዝሙሩም «እንደሠራችሁት ይሁን፣ ለቃሉ ይሻላል» አለ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጊታሩ ያለበትን የመጀመሪያውን ቅጂ ለእናቱ እንድንሰጣቸው። በፍላሽ ወሰድንላቸው። አልበሙ ላይ ስምንት መዝሙሮች ታገኛላችሁ። ዘጠነኛው ግን ያለው በእኚያ እናት ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ እንደሚሰሙት ነገረን።

ታሪኩ እንደ ምስክርነት ፕሮግራም በእልልታ አላለቀም። ወንድማችን ወደ ባንዱ ገና አልተመለሰም። እሑድ እሑድ ሰላም እንባባላለን፤ ባለፈው ቅዳሜ ልምምዳችን ላይ መጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ ጊታሩን ግን አላመጣም። አላስቸኮልነውም። ይቅርታ በአንድ ቀን ይሰጣል፤ መተማመን ግን እንደ ችግኝ ነው፤ ውኃና ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን በሰርቪስ ቤቷ በር ላይ የለጠፍነው አንድ ደንብ አለ። የማንም ድምፅ፣ ባለቤቱ በሌለበት አይጠፋም። ሥራ ያዘገያል፤ አንዱን መዝሙር ስድስት ሳምንት አቆይቶብናል። ነገር ግን በ2 ዜና 5 ላይ የምናነበውን እናስታውሳለን። መለከት ነፊዎቹና መዘምራኑ እንደ አንድ ሰው ሆነው በአንድ ድምፅ ሲያመሰግኑ ነው የጌታ ቤት በደመና የተሞላው። እኛ በሚክሲንግ አንድ ድምፅ ልናወጣ እንችላለን። እንደ አንድ ሰው መሆን ግን በኮምፒውተር አይሠራም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ምናልባት ባንድ የለህም። ግን አብረሃቸው የምትሠራ፣ የምትኖር፣ የምታገለግል ሰዎች አሉህ። ልክ ሆነህ ያቆሰልከው ሰው አለ? ውሳኔህ ትክክል ነበር፤ መንገድህስ? አንቺም እህታችን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥተሽ በአገልጋዮች ጸብ ተሰናክለሽ ከሄድሽ፣ እኛን ይቅር በይን። ጌታ ግን እንደ እኛ አይደለም። በሩቅ ሳለን፣ በደለኞቹ እኛ ሆነን ሳለ፣ ሊታረቀን ቀድሞ የመጣው እርሱ ነው።

ዛሬ ስልካችሁን አንሱ፤ ደውሉ። መባችሁ ከመሠዊያው አጠገብ ይቆያችኋል።

ጌታ ሆይ፣ የወንድሞቻችንንና የእህቶቻችንን ልብ የምንሰማበትን ጆሮ ስጠን። ሳንዘገይ ይቅርታ የምንጠይቅበትን ትሕትና ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።