በቆቦ ቡና ሲቆላ

በዛሬው ገጻችን ወደ ቆቦ እንወስዳችኋለን። የምናሳያችሁ ግንብ ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም። አንድ የቡና ምጣድ ነው። ቡና መቁላት በየቤታችን ያለ ነገር ስለሆነ ከሥራ አንቆጥረውም። ነገር ግን ዕውቀት ያለበት ሥራ ነው። እኛም ይህን የተረዳነው የሰው ቡና ካሳረርን በኋላ ነው።

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በማለዳ ከወልድያ ተነሣን። ዶሮ ግብርን፣ ጎብዬንና ሮቢትን አለፍን። በስተግራችን የላስታ ደጋ ተራሮች ቆመዋል። በስተቀኛችን የዞብል ተራራ ይታያል። በመካከሉ የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። ጎሊናና ሆርማት የሚባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው በዚህ ሜዳ ያልፋሉ።

የሜዳው ዋና እህል ማሽላና ጤፍ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። ጎርፍ ለመጥለፍም ተራ አለ። ይህን የጎርፍ ተራ ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,470 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቷ ብርቱ ነው። ቡና ደግሞ በቂ ዝናብና ጥላ ይወዳል። የቡና አገሩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በከፋና በአካባቢው ያለው ደን ነው። በቆቦ ገበያ የሚሸጠው ቡና አብዛኛው ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ነው። የቆቦ ገበሬ ማሽላውን ከማሳው ያገኛል። ቡናውን ግን በብር ይገዛል። ስለዚህ አንዲት ፍሬ ብታርር ያረረው ብር ነው።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ገና ከበሩ ስንደርስ፣

«ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ! ፀሐዩ አይምታችሁ፤ ቡና አለ» አሉን።

ከዚያም በአንዲት ትንሽ ጣሳ ጥሬ ቡና ሰፈሩ። በሰፌድ ላይ አፍስሰው ለቀሙት። የተነቀዘውን፣ የጠቆረውንና ጠጠሩን አወጡ። በውሃ እያሹ ሁለት ጊዜ አጠቡት። የቡና ምጣዳቸውን በከሰሉ እሳት ላይ ጣዱ። ቡናውን ጨመሩና በብረት ማማሰል ጀመሩ።

ያስገረመን ግን ሌላ ነው። እኚህ እናት ሲቆሉ ምጣዱን ብዙም አያዩም። እኛን እያዩ ስለ አገራችንና ስለ ቤተሰባችን ይጠይቃሉ። እጃቸው ግን አያቋርጥም። በጨዋታ መካከል ድንገት «ቢጫ ሆነ» ይላሉ። ብናይ እውነትም ቢጫ ሆኗል። ጥቂት ቆይተው «አሁን ይንጣጣል» ይላሉ። ወዲያው ጧ፣ ጧ ማለት ይጀምራል።

«እንዴት አወቁ?» ብለን ጠየቅን።

«ይሸተኛል፤ ይሰማኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምጣዱን ግን አውቃለሁ» አሉ።

ከእኛ መካከል አንዱ «እስቲ እኔ ልሞክር» አለ። እሳቸውም ሲኒ ሊያጥቡ ተነሡና ብረቱን ሰጡት። ጓደኛችን መጀመሪያ በደንብ አማሰለ። ኋላ ወሬ ያዘው። እጁ ቆመ። ጢሱ ድንገት ሲነሣ ምጣዱን አወረደው፤ ነገር ግን ቡናውን ከምጣዱ አላፈሰሰውም። የጋለ ምጣድ ከእሳት ቢወርድም መቁላቱን አይተውም። እናታችን ሲመለሱ ቡናው ከሰል መስሏል።

አፈርን። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጣሳውን አንሥተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ባዶ ነበር። ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣

«ሂጂ፤ ከዚያኛው ቤት አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና ተበደሪልኝ» አሏት።

ልጅቱ «ከነሱ ቤት?» ብላ ቆመች።

«አዎ፤ ከነሱ ቤት። ሂጂ!»

ነገሩን በኋላ ሰማን። በክረምት ሁለቱ ቤተሰቦች በጎርፍ ተራ ተጣልተው ነበር። አንዱ «ተራዬን ወሰድክብኝ» ይላል። ሌላው «ጎርፉ ራሱ ቦዩን ሰብሮ ገባ» ይላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቡና አልተጠራሩም። በዚህ አገር ለቡና አለመጠራራት ትልቅ ኩርፊያ ነው።

ልጅቱ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። ጎረቤቲቱ ሴት ራሷ ቡናውን በሲኒ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣

«እትዬ፣ እንግዳ መጥቶብዎ ቡና ያጡ?» አለች።

«አላጣሁም እቴ፤ እንግዶቼ አሳረሩት» አሏት። ሳቁ። እኛም ሳቅን። ጎረቤቲቱ ገብታ ተቀመጠች።

ሁለተኛው ቡና ሲቆላ በደንብ ተመለከትን። ጥሬ ቡና አረንጓዴ ቢጤ ነው። በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ ይተናል። ቀጥሎ ቢጫ ይሆንና እንደሚጋገር ዳቦ ይሸታል። ከዚያ ቡናማ ይሆናል። የፍሬው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ መንጣጣት ይጀምራል። ይህ ምን ያህል ሙቀት እንደሆነ ለማወቅ፣ ውሃ በቆቦ ከፍታ በ95 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አስቡ። ከመንጣጣቱ በፊት በፍሬው ውስጥ እንፋሎትና ሌላ አየር ይታመቃል። መውጫ ሲያጣ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል። ድምፁ የሚሰማው ለዚህ ነው። ፍሬው ያብጣል፤ ቀጭን ገለፈቱም ይበራል።

እሳቱ ከቀጠለ ድምፁ ጋብ ይላል። ኋላም ሁለተኛ ጊዜ ይንጣጣል፤ ይህኛው ድምፅ ቀጠን ያለና የተከታተለ ነው። ፍሬው ዘይቱን አውጥቶ ያብረቀርቃል። ከዚህ በኋላ ጥቂት ከዘገየ ማረር ነው። እናታችን ፍሬው ሲያብረቀርቅ ወዲያው ከምጣዱ አፍስሰው በሰፌድ ዘረጉት። እኛ የሳትነው ይህን ነበር።

ጢሱ ገና ሳይጠፋ ልጅቱ ቡናውን በየተራ አቀረበችልን። እያንዳንዳችን ጢሱን በእጃችን ወደ ፊታችን ሳብ አድርገን አሸተትን። ቡናው በሙቀጫ ተወቀጠ፤ ጀበናው ተጣደ። ሲፈላ ግን ሊገነፍል ደረሰ። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አሁን የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ አየር አለው። ይህ አየር ውሃ ሲነካው አረፋ እየሆነ ይወጣል። ቆይቶ የከረመ ዱቄት እንዲህ አይገነፍልም።

አቦሉን እየጠጣን አንድ ወሬ አወጋናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ዛሬ ጥሬ ቡና እየገዙ በየቤታቸው የሚቆሉ ሰዎች አሉ። ሥራቸው አይደለም፤ ለትርፍ ጊዜያቸው መደሰቻ ነው። አንዳንዱ በምጣድ ይቆላል። አንዳንዱ ፈንዲሻ በሚያፈነዳ መኪና ይቆላል። ሙቀቱንና ደቂቃውን በደብተር ይጽፋል።

«ለመደሰቻ?» አሉ እናታችን። «ጢሱ ዓይናቸውን አይለበልባቸውም?»

ቀድሞ በዚያም አገር ብዙ ቤተሰብ ቡናውን በምጣድ ይቆላ ነበር። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1860ዎቹ ጀምሮ አርበክል የተባለ ነጋዴና ወንድሙ የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት አሽገው መሸጥ ጀመሩ። ሌሎችም ተከተሉ። የፋብሪካው ቡና ምቹ ስለሆነ ሰው ምጣዱን ተወ። የእናት ዕውቀት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ቀረ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ዕውቀት ከመጽሐፍ እንደ አዲስ ይማራሉ። በዚያ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች ግን መቁላቱን አልተዉም። ጢስ ሲደርሰው የሚጮኽ መሣሪያ በየቤቱ ስላለ፣ ቡና ሲቆሉ መስኮት ከፍተው ነው።

እናታችን ይህን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን ተመለከቱ። «ሰማሽ? ነገ አንቺ ትቆያለሽ» አሏት። ልጅቱ «ትምህርት ቤትስ?» አለች። «ከትምህርት ቤት ስትመለሽ። ሁለቱንም ትማሪያለሽ» አሉ።

ቶናው ሲቀዳ ጎረቤቲቱ ሌላ ወሬ አነሣች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ገባ። መንገድ ተዘጋ። ቡና ከገበያ ጠፋ።

«ያን ጊዜ ገብስ አሳርረን፣ ቡና ነው ብለን አብረን ጠጣን። ሐዘንም አብረን ተቀመጥን። ታዲያ ዛሬ እውነተኛ ቡና እያለ እንዴት አንጠራራም?» አለች።

እናታችን ለጥቂት ጊዜ አልመለሱም። ከዚያ፣ «ልክ ብለሻል። ጥፋቱ የሁላችንም ነው» አሉ።

በሦስተኛው፣ በበረካው፣ እናታችን መረቁ። ዝናቡን በወቅቱ ያምጣልን አሉ፤ አሚን አልን። ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅልን አሉ፤ አሚን አልን። በወሎ በቡና ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ አሚን ይላል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቀደም ባለው ዘመን የደጋው ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይርቀው ነበር። ይህ እየተለወጠ የመጣው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግድም፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው።

የጎርፉ ተራ ጉዳይ በዚያ ቀን አላለቀም። ለሽማግሌ ይቀርባል ተባለ። ነገር ግን ጎረቤቲቱ ስትወጣ «ነገ ደግሞ ከእኔ ቤት» ብላ ወጣች።

ውድ አንባቢዎች፤ ከቆቦ ይዘን የተመለስነው ሦስት ምክር አለ።

አንደኛው የሒሳብ ነገር ነው። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ከ100 እጅ ከ12 እስከ 20 እጅ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ 850 ግራም ያህል ይሆናል እንበል። የጥሬው ዋጋ ለምሳሌ 600 ብር ቢሆን፣ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ከ700 ብር በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ስለዚህ የተፈጨ ቡና ከጥሬው ረክሶ ሲሸጥ ካያችሁ ጠይቁ። ገብስ ወይም ሽምብራ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። አሁን ቁጥር ታነባላችሁ፤ ሚዛኑን ራሳችሁ እዩ።

ሁለተኛው የጤና ነገር ነው። ከሰል ሲነድ የማይታይና የማይሸት መርዛም አየር ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ቡና ስትቆሉ በርና መስኮት ክፈቱ። ቢቻል ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ቁሉ። ከሰሉ ሳይጠፋ በር ዘግታችሁ አትተኙ።

ሦስተኛው የአቀማመጥ ነገር ነው። ጥሬ ቡና በደረቅ ቦታ ብዙ ወር ይቆያል። የተቆላ ግን በጥቂት ሳምንት ሽታው ይደክማል። የተወቀጠ ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ቁሉ።

እኚያ እናት «ፊደል አልቆጠርኩም» ብለውን ነበር። ነገር ግን የፍሬውን መልክ፣ ድምፁንና ሽታውን እንደ ጽሑፍ ያነባሉ። ማንበብ የለመድነው እኛ ደግሞ ምጣዱን ማንበብ አቅቶን ቡናቸውን አሳረርን። እናንተ ፊደል የተማራችሁ ሰዎች፣ ከእናቶቻችሁ የተማራችሁትን ዕውቀት አትናቁ። ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም አሳዩ።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. በእናንተ ቤት ቡና መቼ ከምጣድ ይወርዳል? በምን ይታወቃል?
2. 2 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ100 እጅ 15 እጅ ቢቀንስ፣ ስንት ግራም ይቀራል?
3. በመንደራችሁ ለቡና የማይጠራሩ ጎረቤቶች አሉ? ማን ቀድሞ ቢጠራ ይሻላል?