ሜዳና ጠባቂው

በመንዝ ደጋ ያደግን ሰዎች የእግር ኳስን ጨዋታ የተማርነው ከብት በምንጠብቅበት መስክ ላይ ነው። ኳሳችን ከአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ግባችንም ሁለት ሁለት ድንጋይ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲዮም የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ እንደ ወሰደች ታላላቆቻችን ሲያወጉን፣ ስታዲዮም የሚባለው ነገር ከቤተ መንግሥት የማያንስ ሆኖ ይታየን ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሆነን ለሥራ ወደ ባሕር ዳር በሄድን ጊዜ፣ የጣና ዳሯን ከተማ ስታዲዮም አየን። ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ታላቅ ሥራ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈው በዚሁ ሜዳ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈበት፤ በዚህም ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ የሚወስደው መንገድ ተቃና። በኮትዲቯሩ ጨዋታ ዕለት ከሕዝቡ መካከል ነበርንና፣ ከማናውቀው ሰው ጋር ተቃቅፈን መጮኻችንን አንረሳውም።

ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳው የሚፈለገውን ደረጃ አላሟላም ብሎ ከለከለው። ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን በአገራችን መደረግ የነበረበት የጋና ጨዋታ በጆሃንስበርግ ተደረገ። ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነውም በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነው። ደስ አለን፤ ግን ደስታችን የሰው ቤት ድግስ ሆነብን።

ያን ጊዜ ስለ አገራችን የጓሳ መስክ አሰብን። ጓሳ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው። አባቶቻችን ይህን መስክ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል ይባላል። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመርጣል፤ መስኩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስም በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። መስኩ የሁሉም ሆነ ሲባል ጠባቂ አጣና ተጐዳ። ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ፤ ዛሬም ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በዚያ ይታያሉ።

በዚህ ነገር ሌላውን ብቻ ብንወቅስ ሐሰተኞች እንሆናለን። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የዓመቱ በጀት ሲዘጋጅ፣ ገንዘቡ አልበቃ ባለ ቁጥር አስቀድመን የምንሠርዘው የእድሳቱን ተራ ነው። እኛም በገዛ እጃችን፣ አንድም ቃል ሳንከራከር፣ ብዙ ጊዜ ሠርዘናል። አዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣልለትና ሲመረቅ ጭብጨባ አለው፤ ጣራ የሚጠግን፣ ሣር የሚያጠጣ ሰው ግን የሚያጨበጭብለት የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት በቃል እያወቅን በሥራ ረሳነው።

እንግዲህ ያች የጣና ዳር ከተማ ያስተማረችን ይህን ነው፤ ሜዳን ሜዳ የሚያደርገው የግንቡ ቁመት ብቻ ሳይሆን የጠባቂው ትጋት ነው። ለእያንዳንዱ የሕዝብ ሀብት አንድ አባ ቄራ ያስፈልገዋል፤ ስሙ የታወቀ፣ የሚጠየቅ፣ የሚከበርም። እኛ በበኩላችን ቃል የገባነው ትንሽ ነገር ነው። የሚመጣው ዓመት በጀት ሲቀርብ የእድሳቱን ተራ ያለ ክርክር አንሠርዝም።